ቢቲኤስን ለአዲስ ሰው ስናስተዋውቅ በየትኛው በር እናስገባው?

የአክስቴ ልጅ አንድ ቅዳሜ ቤት መጣች። ቡና እየተፈላ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ «ቆይ ግን እነዚህ ኮሪያዎች ምናቸው ነው እንዲህ ያሳበደሽ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ስጠብቀው ኖሬያለሁ! ላፕቶፑን ከፈትኩ። ከ2013 ጀመርኩ። የሰባቱን ስም ከነትውልድ ከተማቸው ዘረዘርኩ፣ የመጀመሪያውን ክሊፕ አሳየሁ፣ ሁለተኛውን አስከተልኩ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በምን እንደሚለይ ማብራራት ጀመርኩ፣ በረካው ሲቀዳ ዞር ብዬ ባያት ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጥሏታል።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ተምሬያለሁ ብዬ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ «ዳይናማይት» የሚለውን ዘፈናቸውን ብቻ ላክሁለት። ምንም ማብራሪያ የለም። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ «አሪፍ ነው፣ ግን እንግሊዝኛ ነው እኮ። ኮሪያ ናቸው አላልሽም?»

ሁለቱም ጊዜ ጥፋቱ የእኔ ነው። ለመጀመሪያዋ አበዛሁባት፣ ለሁለተኛው ለእሱ የማይሆን ሰጠሁት። አድናቂ ሲባል ይሄ ችግር አለበት፤ እሱ የወደደውን ሰው ሁሉ በዚያው በኩል የሚወደው ይመስለዋል። አሁን ግን ከብዙ ሙከራ በኋላ የቱ መግቢያ ለየትኛው ሰው እንደሚሠራ ትንሽ ነቅቻለሁ። በየተራ እያነጻጸርኩ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ጨርሶ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ ቢቲኤስ ሰባት ወንዶች ናቸው። አርኤም፣ ጂን፣ ሹጋ፣ ጄይ-ሆፕ፣ ጂሚን፣ ቪ እና ጃንግኩክ። ጁን 13 ቀን 2013 ጀመሩ፣ ያኔ ቢግ ሂት የሚባል ትንሽ ኩባንያ ውስጥ ነበሩ። ይሄው ኩባንያ ነው ዛሬ ሃይብ ተብሎ ግዙፍ የሆነው። ሦስቱ ራፕ ያደርጋሉ፣ አራቱ ይዘፍናሉ፣ ሁሉም ይደንሳሉ (ጂን እና አርኤም በግድ፣ እነሱ ራሳቸው እንደሚቀልዱት)። ከዲሴምበር 2022 ጀምሮ በየተራ ለወታደራዊ አገልግሎት ሄደው በጁን 2025 የመጨረሻው ተመለሰ። ለአዲሱ ሰው ከዚህ በላይ አትንገሩት። ይህንንም ካልጠየቀ አትንገሩት።

የእንግሊዝኛው በር

«ዳይናማይት» ኦገስት 2020 ወጣ። ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ የሠሩት የመጀመሪያው ዘፈን ነው፣ በአሜሪካው የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ፣ በቢልቦርድ ሆት 100 ላይም እንደወጣ አንደኛ ሆነ። በ2021 «በተር» መጣ፣ አሥር ሳምንት አንደኛ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ «ፐርሚሽን ቱ ዳንስ»፣ ዳንሱ ውስጥ የምልክት ቋንቋ ያለበት።

የዚህ በር ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው፣ ማንም ይሰማዋል፣ ልደት ላይ ብትከፍቱት ማንም «አጥፊው» አይላችሁም። ሕፃናት ካሉማ አለቀ፣ ቤቱን ይቀውጡታል። ቋንቋው ካልገባኝ አልሰማም ለሚል ሰውም ሌላ ምርጫ የላችሁም።

ችግሩ ሌላ ነው። «ዳይናማይት»ን የጻፉት ሁለት እንግሊዛውያን ናቸው። የቢቲኤስ ወግ ደግሞ ግጥማቸው ውስጥ የራሳቸው እጅ መኖሩ ነው፤ ሹጋ፣ አርኤም እና ጄይ-ሆፕ ከመጀመሪያው አልበም ጀምሮ ሲጽፉ ነው የኖሩት። ስለዚህ በዚህ በር የገባ ሰው ቤቱን ሳይሆን በረንዳውን ነው ያየው። ብዙውም እዚያው በረንዳ ላይ ጨፍሮ ይሄዳል። የባልደረባዬ ነገር እንደዚያ ነበር። ሰውየው በሥራ ሰዓት ጆሮው ላይ የሚሰካው የሂፕ ሆፕ ዘፈን ብቻ ነው፤ ያንን እያወቅሁ ዲስኮ ላክሁለት።

በእንግሊዝኛው እና በኮሪያኛው መሃል የሚሆን ነገር ከፈለጋችሁ የ2019ኙ «ቦይ ዊዝ ላቭ» አለ። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ሃልሲ አብራ ዘፍናለች፣ ዜማው እንደ «ዳይናማይት» ቀላል ነው፣ ቋንቋው ግን ኮሪያኛ ነው። ጆሮን ለማለማመድ ከሁሉ የተሻለው ይሄ ነው።

የመድረኩ በር

ይሄ የማልዋሽበት ነው። መድረክ ላይ ሲያያቸው አፉን ያልከፈተ ሰው ገና አላጋጠመኝም። አለመውደድ ይቻላል፣ አለመገረም ግን ይከብዳል።

ምርጫው ላይ ግን መጠንቀቅ ነው። በእኔ ልምድ ለእኛ ሰው የሚሠራው «አይዶል» ነው፣ እሱም ክሊፑ ሳይሆን በዲሴምበር 2018 በኮሪያው ሜሎን የሙዚቃ ሽልማት መድረክ ላይ ያቀረቡት። መጀመሪያ ጄይ-ሆፕ ከከበሮ ደናሾች ጋር ይወጣል፣ የሦስት ከበሮ ዳንስ ነው። ቀጥሎ ጂሚን በማራገቢያ ዳንስ። ከዚያ ጃንግኩክ በጭምብል ዳንስ። ሁሉም የኮሪያ ባህላዊ ናቸው። ከዚያ ሰባቱ አንድ ላይ ሲመጡ መድረኩ ይናወጣል። ዘፈኑ መሃል ላይ «ኦልሱ ጆታ» እና «ጂህዋጃ ጆታ» የሚሉ ጩኸቶች አሉ። ድሮ የኮሪያ ባህላዊ ዘፋኝ ሲዘፍን ሰሚው ከጎን የሚያሰማው ማሞቂያ ነው፣ ልክ እኛ «እሰይ!» «ይበል!» እንደምንለው። አዝማሪ ቤት አምሽቶ ለሚያውቅ ሰው ይሄን አንድ ነገር ንገሩት፣ ሌላው በራሱ ይገባዋል። ዳንሱ ውስጥ ደግሞ ጓራ ጓራ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ እንቅስቃሴ አለ። እስክስታ የሚወርድ ሰው ባህልን ከዘመናዊ ቢት ጋር ማዋሃድ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አያስተምረውም።

«ብላክ ስዋን» ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ይፈልጋል። ዝምተኛ፣ ፊልም የሚወድ፣ ብቻውን ሙዚቃ የሚሰማ። በጃንዋሪ 2020 አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ በባዶ እግራቸው ደንሰውታል። ዘፈኑ የሚያወራው ሙዚቃ ልብን መምታት ያቆመ ቀን ለሙዚቀኛ ሞት ስለመሆኑ ነው። ለጭፈራ ወዳድ ይህን ካሳያችሁት ያዛጋል። እሱን በ«ማይክ ድሮፕ» ያዙት። ትልቅ ሰልፍ፣ ማርሽ ባንድ፣ ወታደራዊ አሰላለፍ የሚማርከው ሰው ካለ ደግሞ የ2020ው «ኦን» አለላችሁ። ከሁለቱ ቪዲዮዎች ከአሜሪካው ማርሽ ባንድ ጋር ሜዳ ላይ የሠሩትን ምረጡ፣ ሌላኛው ታሪክ ታሪክ የሚል ስለሆነ ለጀማሪ ግራ ያጋባል።

የዚህ በር ጉዳት ሁለት ነው። አንደኛ ዳታ ይበላል። የመድረክ ቪዲዮ በደበዘዘ ጥራት ማየት ደግሞ ክትፎ ቀዝቅዞ እንደመብላት ነው፣ ባይበላ ይሻላል። ሁለተኛ በስልክ ስክሪን ሰባት ሰው አንድ ላይ ሲንቀሳቀስ ጉንዳን ይመስላል። ቴሌቪዥን ላይ ማሳየት ከቻላችሁ አሳዩ። ካልቻላችሁ የ2016ቱ «ሴቭ ሚ» ያዋጣል፤ ክፍት ሜዳ፣ ደመናማ ሰማይ፣ ሳይቆራረጥ በአንድ ቀረጻ የሄደ ክሊፕ ነው። ካሜራው አብሯቸው ስለሚዞር ትንሽ ስክሪን ላይም ፊታቸው ይታያል።

የግጥሙ በር

አሁን ወደምወደው ደረስን።

እናቴ ዘፈን ሲባል ትዝታ ነው የምታውቀው። ሌላው ሁሉ ለእሷ ጩኸት ነው። አንድ ቀን ምሳ እየሠራች ሳለ ሆን ብዬ «ስፕሪንግ ዴይ»ን ከፈትኩ። በፌብሩዋሪ 2017 የወጣ ነው፣ የኮሪያኛ ስሙ «ቦምናል» ይባላል፣ የጸደይ ቀን እንደማለት። ምንም አላልኩም። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሽንኩርት መክተፉን ትታ «ማን ሞቶበት ነው?» አለች።

ቃሉን ሳትሰማ ነው ይህን ያለችው! ዘፈኑ የሚጀምረው «ቦጎ ሺፕታ» በሚል ቃል ነው። ቃል በቃል ላይህ እፈልጋለሁ ማለት ነው፣ ኮሪያውያን ናፈቅኸኝ የሚሉት በዚህ ነው። ሩቅ ስለሄደ ጓደኛ፣ ስለ በረዶ፣ ስለ መጠበቅ ነው። ኮሪያ ውስጥ ብዙ አድማጮች በ2014 ከሰመጠችው ሴዎል መርከብ ጋር ያያይዙታል፤ ያኔ ከ300 በላይ ሰው አለቀ፣ አብዛኞቹ ለትምህርት ቤት ጉዞ የወጡ ተማሪዎች ነበሩ። ይህን ለእናቴ ስነግራት እንባዋ መጣ።

ከዚያ ግጥሙን መተርጎም ጀመርኩላት፣ አንድ ቦታ ላይም ተያዝኩ። የናፍቆቱን ክብደት ለማሳየት ነሐሴ ላይ እንኳ ክረምት እንደሚገባ የሚናገር ስንኝ አለ። ለኮሪያ ሰው ይሄ የሚያስደነግጥ ነው፣ ኦገስት የእነሱ የሙቀት ወር ነዋ። እናቴ ግን ቀና ብላ «ነሐሴ ክረምት ካልሆነ ታዲያ መቼ ሊሆን ነው?» አለችኝ። ሳቅ ገደለኝ። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ፤ የኮሪያ ጸደይ ለእኛ መስከረም ነው። ከበረዶው በኋላ የሚወጣው አበባ የእኛ አደይ አበባ ነው። ይህን ስነግራት «እህ!» አለችና ዘፈኑን ድገሚው አለች። ስለዚህ ለእኛ ሰው ስትተረጉሙ ወሩን ሳይሆን ስሜቱን ተርጉሙ።

ከመድረኩ ጋር ሳነጻጽረው የግጥም በር ቀርፋፋ ነው። ማብራሪያ ይፈልጋል፣ ጸጥታ ይፈልጋል፣ ሰውዬው ስልኩን እየነካካ ከሆነ አይሆንም። ግን በዚህ የገባ ሰው አይወጣም። በ«ዳይናማይት» የገቡ ጓደኞቼ ዛሬ ሌላ ነገር ነው የሚሰሙት። በ«ስፕሪንግ ዴይ» የገቡት ከእኔ ጋር ናቸው። (እናቴ የአንዳቸውንም ስም አታውቅም። «እነዚያ የሚያዝኑት ልጆች» ነው የምትላቸው። ምንም ማለት አይደለም።)

ግጥም ስል ናፍቆት ብቻ አይደለም። ፈተና ያስመረረው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ካለ የ2013ቱን «ኤን ኦ» ስጡት። ልጅን የማጥናት ማሽን ስለሚያደርጉ ወላጆችና ትምህርት ቤቶች ነው፣ ንዴት ነው ከላይ እስከ ታች። ተመርቆ ሥራ ያጣ ወንድም ካላችሁ «ቤፕሴ» ይመቸዋል፣ በ2015 የወጣ ነው። ቤፕሴ ትንሽዬ ወፍ ናት። ኮሪያውያን ይህቺ ወፍ እንደ ረጅም እግሩ ወፍ እራመዳለሁ ብትል እግሯ ይቀደዳል የሚል ተረት አላቸው፤ ዘፈኑ ይሄን ገልብጦ «የእኛ እግር አጭር፣ የእናንተ ረጅም፣ እንዴት ነው በአንድ ውድድር የምንሮጠው» ይላቸዋል ታላላቆቹን። ይህን ለአንድ ሥራ ፈላጊ ጎረቤቴ አስረዳሁት፣ እስካሁን ሰላምታችን «እንዴት ነሽ ቤፕሴ» ነው።

አንድ የተደበቀ ዕንቁም አለ። «ፓልዶ ጋንግሳን» ይባላል፣ እሱም የ2013 ነው። የኪዮንግሳንግ አገር ልጆችና የጆላ አገር ልጅ፣ ጄይ-ሆፕ ማለት ነው፣ እያንዳንዳቸው በየአነጋገራቸው በራፕ ይከራከራሉ፣ አርኤም ደግሞ በሴኡልኛ መሃል ይገባል። የጎጃም፣ የጎንደርና የወሎ ልጆች ተሰብስበው በዘዬ ሲፎጋገሩ አስቡት። ያንኑ ነው። ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም፣ ለሦስተኛ ቀን ግን ወርቅ ነው።

የሳቁ በር

«ራን ቢቲኤስ» በ2015 የጀመሩት የጨዋታ ፕሮግራም ነው። ዩቲዩብ ላይ በነጻ አለ። ምግብ ያበስላሉ፣ ይሸነፋሉ፣ ይቀጣሉ፣ ይጮሃሉ፣ ኳስ መምታት አይችሉም። ሙዚቃ የለበትም ማለት ይቻላል።

ስም ለማስጠናት ከዚህ የተሻለ የለም። ሁለት ክፍል ያየ ሰው ጂን የሚጮኸው ታላቁ እንደሆነ፣ ሹጋ ቢችል ሁሌ መተኛት እንደሚመርጥ፣ አርኤም የነካው ሁሉ እንደሚሰበር፣ ጃንግኩክ ትንሹ ሆኖ ሁሉንም እንደሚያሸንፍ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። እኔ ለአክስቴ ልጅ በሁለት ሰዓት ንግግር ማስተማር ያቃተኝን ይሄ በአርባ ደቂቃ ይሠራዋል።

ግን ተጠንቀቁ። የግርጌ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ደግሞ ይፈጥናል፣ ሰባቱም በአንድ ጊዜ ነው የሚያወሩት። ማንበብ የሚሰለቸው ሰው አሥር ደቂቃ ላይ ይቆማል። ሌላው ጉዳት ደግሞ ሰውዬው ልጆቹን ወዶ ዘፈኑን ሳይሰማ መቅረቱ ነው። አንዲት ጓደኛ አለችኝ፣ ስለ እነሱ ጨዋታ ሁሉ ታውቃለች፣ አንድ ዘፈን ዘፍኝ ብትሏት ግን አትችልም። እሷ ደስተኛ ናት፣ እኔ ነኝ የማልተኛው።

የቅደም ተከተሉ በር

ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ የሚል ሰው በየቤቱ አለ። ተከታታይ ፊልም ከመሃል የማይጀምር። ለእሱ ሁለት መንገድ አለ።

አንዱ የ2022ቱ «ፕሩፍ» ነው። ሦስት ሲዲ ያለው ስብስብ ነው፤ የመጀመሪያው ሲዲ ከ2013ቱ «ቦርን ሲንገር» ተነስቶ ዋና ዋና ዘፈኖቻቸውን በዓመታቸው እየደረደረ እስከ «የት ቱ ካም» ይወስዳችኋል። ለሥርዓት ወዳድ ሰው የተሠራ ነው የሚመስለው። ግን መጀመሪያ ላይ ያሉት ዘፈኖች ጥሬ ናቸው። «ኖ ሞር ድሪም» ላይ ያሉት ልጆች ጥቁር ሜካፕና ወፍራም ሰንሰለት አድርገው ክፉ ለመምሰል የሚሞክሩ ጎረምሶች ናቸው። እኔ ስለማውቃቸው በፍቅር ነው የማያቸው፣ አዲስ ሰው ግን ሊስቅባቸው ይችላል።

ሌላው መንገድ፣ እኔ የምመርጠው፣ ከ2015 መጀመር ነው። «ዘ ሞስት ቢዩቲፉል ሞመንት ኢን ላይፍ» የሚባሉት ተከታታይ አልበሞች። ከጀመሩ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኗቸው በቴሌቪዥን የሙዚቃ ውድድር ፕሮግራም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፉት በ«አይ ኒድ ዩ» ነው፣ ከእነዚህ አልበሞች የመጀመሪያው ላይ ያለ። እዚህ ጋር ነው ልጆቹ ክፉ መምሰል ትተው መፍራታቸውን የነገሩን። ከዚህ ጀምሮ ወደፊት ሂዱ፤ ሰውዬው ከወደዳቸው ወደ ኋላ ተመልሶ ሰንሰለቱን በራሱ ያየዋል፣ ያኔ ይስቃል፣ ግን ሳቁ ሌላ ነው።

ነጠላ ሥራዎች

ስለዚህ አጭር ልሁን። በነጠላ ዘፈን ማስገባት ይቻላል፣ ግን ሰውዬው የአንዱ ሰው አድናቂ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የፖፕ ሰው ከሆነ የጃንግኩክ «ሴቨን»። ቀዝቃዛ፣ ማታ ማታ የሚሰማ ነገር የሚወድ ከሆነ የቪ «ሌይኦቨር» አልበም። መጽሐፍና ሥዕል የሚወድ ሰው ከሆነ የአርኤም «ኢንዲጎ»። ኳስ ተመልካች ከሆነ የ2022ቱን የኳታር ዓለም ዋንጫ መክፈቻ አስታውሱት፣ መድረኩ ላይ የዘፈነው ጃንግኩክ ነበር፤ «አሃ፣ እሱ ነው እንዴ!» ይላችኋል።

የራፕ ሰው ከሆነ ግን አትለፉት። ሹጋ አገስት ዲ በሚል ስም የሠራው «ዴቺታ» አለ፣ 2020። የጥንቱን የኮሪያ ንጉሥ አጀብ የነፋስና የከበሮ ሙዚቃ ወስዶ ራፕ ሠራበት። ያን ባልደረባዬን በመጨረሻ ያስገባሁት በዚህ ነው። «ዳይናማይት»ን ከላክሁለት ከስንት ወር በኋላ ይሄን ላክሁ፣ መልሱ ይሄ ነበር፦ «ይሄ ሰውዬ ያንን ዘፈን ነው የዘፈነው?»

እና የቱን ልምረጥ?

ሰውዬው አሁን ምን እየሰማ እንደሆነ ጠይቁ፣ ወይም ሳትጠይቁ ስሙ። ትዝታና አንቺ ሆዬ የሚሰማ ሰው ወደ ግጥሙ። ሰርግ ላይ መጀመሪያ የሚነሳው ወደ መድረኩ። ፎጋሪና ቀልደኛው ወደ ሳቁ። ሕፃናት ወደ እንግሊዝኛው።

ምንም የማታውቁት ሰው ከሆነስ? እዚህ ጋር አንድ ነገር ብቻ ምረጪ ብባል፣ ሴፕቴምበር 2020 ታይኒ ዴስክ ለሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ፕሮግራም ሴኡል ውስጥ የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ ሆነው የቀረጹትን ነው የምመርጠው። ባንድ ከኋላቸው አለ፣ በእውነተኛ መሣሪያ ነው የሚዘፍኑት። «ዳይናማይት»፣ «ሴቭ ሚ» እና «ስፕሪንግ ዴይ»ን ተራ በተራ ይዘፍናሉ። ዳንስ የለም፣ ብልጭልጭ የለም፣ ተቀምጠው ነው። እንግሊዝኛው አለ፣ ኮሪያኛው አለ፣ ናፍቆቱ አለ፣ በየመሃሉ ወሬያቸው አለ። ሰውዬው ከሦስቱ በየትኛው ላይ ከስልኩ ቀና እንዳለ እዩ። ከዚያ ቀጥሎ የምትሰጡት እሱን ነው።

«እነዚህ ሜካፕ የሚቀቡት ናቸው?» ብሎ ለሚጀምር ሰው ደግሞ ምክሬ አንድ ነው፣ አትከራከሩ። እኔ ብዙ ተከራክሬ አንድም ቀን አሸንፌ አላውቅም። አንድ ጎረቤታችን፣ አባታቸው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ የዘመቱ፣ ሁልጊዜ እንዲህ እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። አንድ ቀን ልጆቹ ወታደር ቤት መግባታቸውን፣ ጂን ግንባር አካባቢ ምልምል ማሠልጠኑን በጨዋታ መሃል ነገርኳቸው። ዝም አሉ። «የት ነው ያሉሽ? ዮንቾን?» አሉና ካርታ ላይ ካላሳየሽኝ አሉ። ከዚያ ወዲህ ሜካፑን አንስተው አያውቁም። ዘፈኑንም አይሰሙም፣ ግን «ያ ወታደሩ ልጅ ደህና ነው?» ይላሉ።

ሌላው ስህተት ሁላችንም የምንሠራው ነው፣ ሰውዬው ሲያይ ፊቱን ማየት። እስኪ ተዉት! ማን እየተጠበቀ ዘፈን ይሰማል? ቡናውን ቅዱለት፣ ወደ ማድቤት ግቡ። «ባያስሽ ማነው» (ከሰባቱ አብልጠሽ የምትወጂው ማለት ነው) ምናምን የሚሉትን የአርሚ፣ የእኛ የአድናቂዎቹ ማለት ነው፣ ቋንቋዎችም ለጊዜው ደብቁ፣ እሱ ገና ሰባት መሆናቸውን አልቆጠረም። ቁጥርም አትደርድሩ። ስንት ሚሊዮን ሰው እንዳየው የሚነገረው ሰው ራሱን እንደ ሚሊዮን አንደኛ እንጂ እንደ እንግዳ አያይም። ከሁለት ዘፈን በላይ ደግሞ በአንድ ቀን አትስጡ። ሦስተኛውን እንዲጠይቃችሁ ተዉት፣ ካልጠየቀም ቀርቷል፣ ሰው ወዶ ነው የሚገባው።

የአክስቴ ልጅ ከዚያ የእንቅልፍ ቅዳሜ በኋላ ስለ እነሱ አንስታ አታውቅም ነበር። እኔም ሼም ይዞኝ ዝም አልኩ። ከሁለት ወር በኋላ ይመስለኛል፣ ታክሲ ውስጥ ሆና ደወለችልኝ። ስልኳ ላይ በአጋጣሚ አንድ የ«ራን ቢቲኤስ» ቁራጭ መጥቶላት አይታ ስትስቅ አጠገቧ ያለው ሰው ገላምጧታል።

«ስሚ፣ ያ ሲስቅ ዐይኑ የሚጠፋው ማነው?»

ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ቡሳን መወለዱ፣ ዘመናዊ ዳንስ መማሩ፣ «ላይክ ክሬዚ»፣ የማራገቢያው ዳንስ፣ ሁሉም መጣ።

«ጂሚን» አልኳት። ሌላ አልጨመርኩም።

«እሺ» አለችና ስልኩን ዘጋችው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልእክት መጣ፦ «ሌላ አለሽ?»